ማስተካከያ፦ ስለ ኩላሊትና ጨው የፃፍኩት ላይ

ባለፈው ስለ ኩላሊት ስፅፍ ኤዲኤች የሚባለውን ሆርሞን ኩላሊት ራሱ ያመርተዋል ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይቅርታ። የሚመረተው ጭንቅላት ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ቦታ ነው፣ ከዛ ፒቱታሪ እጢ ውስጥ ይቀመጥና ደማችን ውስጥ ጨው ሲበዛ ወይ ውሃ ሲያጥረን ይለቀቃል፣ ኩላሊት እዚህ ጋ ትእዛዝ ተቀባይ ነው በቃ፣ ሆርሞኑ ሲደርሰው ውሃውን ወደ ደም ይመልሳል ሽንታችንም ጠቆር ይላል። ብዙ ውሃ ስንጠጣ ደግሞ ሆርሞኑ ይቀንስና ሽንቱ ይቀጥናል።

አልዶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ሌላ ነው፣ ሁለቱን ቀላቅዬ ነው የፃፍኩት። እሱ ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል እጢ ነው የሚመጣው፣ ስራው ሶዲየም እንዲመለስ ፖታሲየም ደግሞ እንዲወጣ ማድረግ ነው፣ ውሃውም ሶዲየሙን ተከትሎ ይመለሳል። ኩላሊት ራሱ የሚያመርተው ሬኒን የሚባለውን ኢንዛይም ነው፣ የደም ግፊት ሲወርድ ይለቀውና እሱ በተዘዋዋሪ አልዶስትሮን እንዲለቀቅ ያደርጋል (እኔንም ያምታታኝ ይሄ ሳይሆን አይቀርም)።

በቀን 180 ሊትር ደም ይጣራል ያልኩትም ልክ አይደለም፣ 180 ሊትሩ ከደም ተጣርቶ የሚወጣው ፈሳሽ ነው፣ በኩላሊት የሚያልፈው ደምማ ከዛ በጣም ይበልጣል። ከፈሳሹም 99 በመቶ ገደማው ተመልሶ ሽንት የሚሆነው 1 ወይ 2 ሊትር ብቻ ነው።