ቀድማ ስለወለደች አንድ ወር ትቀማ?

ሰሞኑን በአንድ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ውይይት ላይ አንዲት እናት ደውላ ነበር። የደም ግፊቷ አሻቅቦ በሰባት ወሯ በኦፕራሲዮን ወልዳለች። ልጇ ሙቀት ክፍል ነው። የወሊድ ዕረፍቷ ግን እየተቆጠረ ነው። እንግዳው የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ ነበሩ፤ መልሳቸውም አጭር ነበር። «ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው። ደግሞም ልጁን ሆስፒታሉ እየጠበቀላት ነው፤ እናት እዚያ ተቀምጣ ምን ትሠራለች?»

ምን ትሠራለች! እንዲህ አፍ ሞልቶ ለመናገር ሙቀት ክፍል ደጃፍ አንድም ሌሊት አለማደር ይጠይቃል።

ልንገራቸው። መጥባት ያልቻለ ሕፃን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በቀጭን ቱቦ ወተት ይሰጠዋል። ወተቱ የሚታለበው ከእናቱ ጡት ነው፤ በእጅ፣ በትንሽ ኩባያ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይም ይታለባል። ቁስሏ ገና ያልደረቀ እናት ግድግዳ ይዛ ትነሳለች። ሲነጋ ደግሞ ሚዛን አለ። ትናንት 1,240 ግራም የነበረው ዛሬ 1,225 ከሆነ ቀኑ ጨለመ።

የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለውም አለ። ሕፃኑ ከዳይፐር፣ ከኮፍያና ከካልሲ በቀር ራቁቱን ይሆንና እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይታሰራል። ኮሎምቢያዊው ሐኪም ኤድጋር ሬይ እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ ላይ ሲጀምሩት ማሞቂያ አጥሯቸው ነበር። ዛሬ ግን የድሃ አገር መላ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2021 የታተመ ጥናት፣ ይህ እንክብካቤ እንደተወለዱ ወዲያው ሲጀመር የትንንሾቹ ሕፃናት ሞት በ25 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው ምክር ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይላል። ዝቅተኛው ስምንት ሰዓት ነው። ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው! ባለሙያው እናትየዋን እንደ ጠያቂ ቆጠሯት። መድኃኒቱን ከልጁ ደረት ላይ አንስታችሁ ቢሮ አስገቡልኝ እያሉ መሆኑ አልታያቸውም።

ወደ «እኩል» እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 88፣ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። የመጀመሪያው 30 ቀን ሳያልቅ ከወለደች የ90ው ቆጠራ ይጀምራል። በጊዜዋ የወለደችው 120 ቀን ታገኛለች። በ30ኛው ሳምንት የወለደችው ግን የፊተኛውን 30 ሳትነካው ስለወለደች 90 ብቻ። የበለጠ የሚያስፈልጋት ያነሰ ወሰደች፤ ይህን ነው እኩል የሚሉን።

ሂሳቡ እዚህ ላይ አያቆምም። 90 ቀን 13 ሳምንት ገደማ ነው። ሐኪሞች ያለ ጊዜው የተወለደን ልጅ እድገት ሲለኩ መወለድ ከነበረበት ቀን ነው የሚነሱት። አንዷ እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ትታ የምትሄደው የሦስት ወር ልጅ ነው። ይህቺ ግን በእድገቱ የሦስት ሳምንት ጨቅላ ትታ ትወጣለች። ለሞግዚት!

ደግሞስ ማን ወዶ ነው? ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና የሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት ሕመም፣ ሲጠና ፍቱን መላው መውለድ ነው። ቀኑን የቆረጠባት ሁለት ነፍስ ለማትረፍ የሚጣደፍ ሐኪም ነው። የሽርት ውኃዋ ቀድሞ የፈሰሰባት፣ የእንግዴ ልጁ ያለቦታው ተቀምጦ ደም የፈሰሳት፣ መንታ የያዘች፣ ማናቸውም ቀኑን አልመረጡም።

አሠሪው ደሞዙን ከኪሱ ይከፍላል፤ እሺ፣ ይህን አልክድም። ግን ያንኑ 30 ቀን በጊዜያቸው ለወለዱት ሁሉ ሲከፍል ያልከሰረ ድርጅት፣ በዚህች እናት ነው እንዴ የሚዘጋው? የብራዚል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቆጠራው እናትም ልጅም ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ እንዲጀምር ወስኗል። ብሪታንያ ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨቅላቸው ሆስፒታል ለተኛባቸው ወላጆች እስከ 12 ሳምንት ተጨማሪ ዕረፍት ትሰጣለች። «እኛ ድሃ ነን» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ድሃ ስለሆንን አይደል እንዴ የእናት ደረት ማሞቂያ የሆነልን?

አዋጁ እስኪሻሻል ቁጭ ብሎ መጠበቅም አያሻም። የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ከአዋጁ የተሻለ ማስፈረም ይችላሉ። ለደንብ ልብስና ለሰርቪስ መኪና ሲከራከሩ የሚያመሹት ሊቃነ መናብርት ይህቺን ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛ ላይ አቅርበው ያውቃሉ?