ማስተካከያ፦ ኢዲት ቶምሰን ባሏን አልመረዘችም

ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዛዊቷ ኢዲት ቶምሰን ስጽፍ ተሳስቻለሁ። ባሏን በመርዝ ገደለችው፣ ከውሽማዋ ጋርም አንድ እስር ቤት ውስጥ ተሰቀለች ብያለሁ። ሁለቱም ልክ አይደለም። እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሻይ እየጠጣን ጽሑፉን ያነበበች ጓደኛዬ ናት «አቦ፣ ይሄን ነገር እንደገና እየው» ያለችኝ።

ፐርሲ ቶምሰን የሞተው በጩቤ ተወግቶ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ባልና ሚስቱ ለንደን ቲያትር አይተው ኢልፎርድ ወዳለው ቤታቸው በሌሊት ሲመለሱ፣ ፍሬድሪክ ባይዋተርስ የሚባለው የ20 ዓመት ወጣት፣ የመርከብ ሠራተኛው ውሽማዋ፣ መንገድ ላይ ጠብቆ ወጋው። ኢዲት «ኧረ ተው! ኧረ ተው!» ብላ ስትጮህ የሰማ ጎረቤት ፍርድ ቤት መስክሯል።

የመርዙ ወሬ የመጣው ከደብዳቤዎቿ ነው። ለባይዋተርስ ስትጽፍ የባሏ ምግብ ውስጥ የተፈጨ ብርጭቆ እንደጨመረች ትናገራለች፤ እሱም ደብዳቤዎቹን አስቀምጧቸው ስለነበር ፖሊስ እጅ ገቡ። ግን አስከሬኑ ከመቃብር ወጥቶ ሲመረመር ሐኪሙ በርናርድ ስፒልስበሪ የመርዝም የብርጭቆም ምልክት አላገኘም። ባይዋተርስም እሷ ምንም አታውቅም እንዳለ ነው የሞተው። መማገጧ እውነት ነው። ያልተገኘ መርዝ በሞተች ሴት ላይ መለጠፌ ግን በጣም ቆጭቶኛል።

ሁለቱም ጃንዋሪ 9 ቀን 1923 በተመሳሳይ ሰዓት ተሰቀሉ፤ እሷ ሆሎዌይ፣ እሱ ፔንቶንቪል እስር ቤት።