አጋዘን እያያችሁ «ፈረስ ነው» አትበሉ

ወገኖቼ ሆይ፣ የጥንቷ ቻይና የቤተ መንግሥት ሴራ በመካከላችን ሲተረክ የምንሰማበት መንገድ አሳዝኖኛልና ዛሬ በግልጽ ልገሥጻችሁ ተነሥቻለሁ። ቡና ቀርቦ ጨዋታ ሲደራ አንዱ የጃኦ ጋኦን ታሪክ ያነሣል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አጋዘን አቁሞ «ይህ ፈረስ ነው» ያለውን ሰው ማለቴ ነው። እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን «አቤት ብልጠት!» እንላለን። «እዚያ ቆመው የነበሩት ሹማምንትስ ምን ነክቷቸው ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ተንኮለኛውን እናደንቃለን፣ ተንኮሉን ያጸደቁለትን ከቁጥር አናስገባቸውም፤ ይህም እኛን ስለሚመስሉ ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ210 ዓመት፣ በሙቀት ወራት ነው። ስድስት መንግሥታትን አስገብሮ በ221 ቻይናን አንድ ያደረገው ቺን ሺ ኋንግ ግዛቱን እየጎበኘ ሳለ በመንገድ ታመመና ሻቺው በተባለ ስፍራ ሞተ። ከመሞቱ በፊት፣ በሰሜን ድንበር ከጦር አዛዡ ከሜንግ ቲየን ጋር ለነበረው ለበኩር ልጁ ለፉሱ፣ ወደ መናገሻው ወደ ሺያንያንግ መጥቶ ቀብሩን እንዲያስፈጽም የሚያዝዝ ደብዳቤ አጽፎ ነበር፤ ደብዳቤው ታሽጎ ለመልእክተኛ ሳይሰጥ ግን በማኅተም ጠባቂው በጃኦ ጋኦ እጅ ቀረ። መሞቱን ያወቁት ጃኦ ጋኦ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ሲ፣ ከታናናሾቹ ልጆች አንዱ የሆነው ሁሃይና አምስት ስድስት የሚሆኑ ጃንደረቦች ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሬሳውን በተዘጋ ሠረገላ ውስጥ አስቀምጠው፣ ምግብ እንደ ወትሮው እያስቀረቡ፣ ሹማምንቱም ከደጅ ጉዳያቸውን ሲያሰሙ ውስጥ የተቀመጠ ጃንደረባ በሟቹ ስም «ይሁን» እያለ ጉዞውን ቀጠሉ። ሙቀቱ ሬሳውን ሲያሸተው ደግሞ ሽታው እንዳይለይ በጋሪዎች ላይ ዓሣ አስጫኑ።

እስቲ ያን ሰልፍ በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ከኋላ የሚከተለው ወታደርና አሽከር፣ በፈረስ የሚሄደው ሹም ሁሉ ያ ሽታ በአፍንጫው ገብቷል። ንጉሠ ነገሥቱ በዓሣ ጋሪዎች ታጅቦ የሚጓዘው ስለ ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን ታሪክ አልጻፈልንም።

ከሁሉ ይልቅ የምቆምበት የሊ ሲ ነገር ነው፤ እርሱ ክፉ ተብሎ የሚታለፍ ሰው አይደለምና። ከተራ ጸሐፊነት ተነሥቶ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ፣ የአገሪቱ ጽሕፈት አንድ ወጥ እንዲሆን የደከመ፣ የተማረ ሰው ነበረ። ጃኦ ጋኦ ደብዳቤውን ለውጠን ሁሃይን እናንግሥ ብሎ ሲያማክረው መጀመሪያ ይህ አገር የሚያጠፋ ቃል ነው፣ አሽከር ሊነጋገርበት የሚገባ ነገር አይደለም ብሎ ገሠጸው። ጃኦ ጋኦ ያን ጊዜ ስለ አገር አልተከራከረውም። በችሎታ፣ በሥራ ውጤት፣ አርቆ በማሰብ፣ በሕዝብ ባለመጠላትና በፉሱ ዘንድ በመታመን ከሜንግ ቲየን ጋር ትስተካከላለህን ብሎ ብቻ ጠየቀው። ሊ ሲም እንደማይስተካከል አመነ። ፉሱ ከነገሠ ሹመቱ ለሜንግ ቲየን እንደሚሆን ገባው። ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አለቀሰ፣ ካለቀሰ በኋላም ተስማማ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚለው አነጋገራችን ለእንዲህ ያለው ሰው የተነገረ ነው፤ ሊ ሲ ግን ገደሉንም አይቶ ነበር፣ ሳሩን መተው ነው ያቃተው።

የተጭበረበረው ደብዳቤ ፉሱና ሜንግ ቲየን ራሳቸውን እንዲገድሉ የሚያዝዝ ነበር። ሦስት መቶ ሺህ ሠራዊት በእጁ የነበረው ሜንግ ቲየን ትእዛዙን ተጠራጥሮ እንደገና አስጠይቀን እንሙት ሲል፣ ፉሱ አባት ልጁን ሙት ካለ ምን ይጠየቃል ብሎ በገዛ እጁ ሞተ። ለዚህ ልጅ አለቅሳለሁ፤ መታዘዙን ግን አላመሰግንም፣ እናንተም አታመስግኑት። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እያልን ያደግን ሰዎች፣ አንዲት የማጣራት ጥያቄ የስንት ሰው ነፍስ ታድን እንደነበር ልናስብ ይገባናል። ሁሃይ በነገሠ ጊዜ የገዛ ወንድሞቹ 12 መሳፍንት በሺያንያንግ ተገደሉ፣ 10 እኅቶቹም አብረው ጠፉ።

በ209 በግዳጅ ወደ ድንበር የሚሄዱ 900 ሰዎች ዝናብ ይዟቸው ስለ ዘገዩና የመዘግየት ቅጣት ሞት ስለ ነበረ፣ ቸን ሼንግ በሚባል ገበሬ መሪነት ዐመፁ። ከምሥራቅ የመጣው መልእክተኛ ዐመፅ መነሣቱን ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ለሁሃይ በእውነት ቢነግረው ታሰረ። ቀጥሎ የመጣው ይህን አይቶ ሽፍቶች ናቸው፣ የየአገሩ ሹማምንት እየያዟቸው ነው፣ ጌታዬ አይጨነቁ አለ። ንጉሠ ነገሥቱም ደስ አለው።

የሊ ሲ ወረፋም ደረሰ። በ208 ጃኦ ጋኦ በዐመፅ ከሶ አሳሰረው፤ በግርፋት ብዛትም ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ አመነ። ከዚያ በኋላ ጃኦ ጋኦ የራሱን ሰዎች የንጉሠ ነገሥቱ መርማሪዎች አስመስሎ ከአሥር ጊዜ በላይ ላከበት። ሊ ሲ እውነቱን በተናገረ ቁጥር ተገረፈ። በመጨረሻ እውነተኛው መርማሪ ሲመጣ፣ ሽማግሌው ይህም እንደ ቀደሙት ነው ብሎ ፈርቶ የሐሰት ቃሉን አጸና። አስተውሉ፣ እውነት መናገር ሕመም መሆኑን ሰውነቱ ስለ ተማረ፣ የሚሰማው ሰው በመጣለት ቀን እንኳ አፉ አልታዘዘለትም። በሺያንያንግ ገበያ ወገቡን ሊቆረጥ ሲወሰድ አብሮት ወደሚገደለው ልጁ ዞር ብሎ፣ እንደ ገና ካንተ ጋር ቢጫውን ውሻችንን ይዘን ከትውልድ አገሬ ከሻንግጻይ ምሥራቅ በር ወጥተን ጥንቸል ማሳደድ ብመኝ እንዴት ይሆንልኛል አለው፤ ሁለቱም ተላቀሱ።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባችን ባልሠራው ጥፋት ሲከሰስ፣ ነገሩን ጠንቅቄ የማውቀው እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ወለሉን እያየሁ ቆየሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ እውነቱን ለባለቤቴ ነገርኋት። እርስዋም ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ ብላ ዝም አለች። ጎመን በጤና የምንለው ነገር ያን ዕለት ምን ዐይነት ጣዕም እንዳለው ዐወቅሁ።

እንግዲህ ወደ አጋዘኑ እንመለስ። በ207 ጃኦ ጋኦ በሊ ሲ ቦታ ተተክቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አጋዘኑን አይቶ ሳቀና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተሳስተዋል፣ አጋዘን ፈረስ ይላሉ ብሎ ዙሪያውን የቆሙትን ጠየቀ። አንዳንዱ ዝም አለ፣ አንዳንዱ ፈረስ ነው አለ፣ ጥቂቶች ግን አጋዘን ነው አሉ፤ እነዚህን ጃኦ ጋኦ በኋላ በሕግ ሽፋን በስውር ቀጣቸው። ሌላው ትረካ እንደሚለው ንጉሠ ነገሥቱ ሁሉም ፈረስ ነው ሲሉ ሰምቶ አእምሮዬ ታወከ ብሎ ጠንቋይ አስጠራ። ወገኖቼ፣ ይህ የእንስሳ ጥያቄ አልነበረም። ጃኦ ጋኦ የፈለገው ማን ዐይኑን ለእርሱ እንደሚሸጥ ቆጥሮ ለማወቅ ነበር፤ ዝም ያሉትም በዚያ ቆጠራ ለእርሱ ተቆጥረዋል። ዝምታችሁን ገለልተኝነት እያላችሁ አትጽናኑ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት ጃኦ ጋኦ የላካቸው ወታደሮች ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ገብተው በመጋረጃዎቹ ላይ ቀስት ወረወሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አሽከሮቹን ቢጠራ ደንግጠው የሚዋጋለት ጠፋ፤ ጥሎት ያልሸሸ አንድ ጃንደረባ ብቻ ቀረ። ወደ ውስጥ ሸሽቶ ሳለ ጃንደረባውን «ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?» አለው። ጃንደረባውም እንዲህ ሲል መለሰ፦ ለመናገር ባልደፍር ነው በሕይወት የቆየሁት፤ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ቀድሞውኑ ተገድዬ፣ እስከ ዛሬ መቼ እደርስ ነበር?