ከንፈር መምጠጫ ጉባኤ

ከንፈር መምጠጥ የኛ ብቻ ሙያ ይመስለኝ ነበር። ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ንፍሮ ዘግኖ፣ "ምን ይደረግ እንግዲህ!" ብሎ ውልቅ። ለካ ተሳስቻለሁ። ኒውዮርክ ላይ በጥቅምት፣ ኮሮና ካስተጓጎለው ጊዜ በቀር በየዓመቱ፣ ዓለም ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ለኩባ ከንፈር ይመጥጥላታል።

አሜሪካ በኩባ ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ የቆየ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1962 ነው የፈረሙት (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ የመንግሥታቱ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ "ይነሳ" እያለ ድምፅ ይሰጣል። ውሳኔው ማንንም አያስገድድም። ውበቱም እዚሁ ላይ ነው። ቢያስገድድማ ማን ደፍሮ የድምፅ መስጫውን ቁልፍ ይነካ ነበር?

ሙያው ሲያድግ ደስ ይላል። መጀመሪያ ላይ የደገፉት 59 አገሮች ነበሩ። በ2024 187 ደረሱ። የተቃወሙት አሜሪካና እስራኤል ብቻ። እንዲህ ያለ ስምምነት በእድር ስብሰባ እንኳ አይገኝም። ድምፁ ከመሰጠቱ 12 ቀን ቀደም ብሎ ኩባ ውስጥ ማታንሳስ ያለው የአንቶኒዮ ጊቴራስ ኃይል ማመንጫ ተበላሽቶ አገሩ በሙሉ ጨልሞ ነበር። 187 አገር ቁልፍ ተጫነ። አንድ አምፖል አልበራም። እንዴት ይብራ? የመብራት ቁልፍ መሰላችሁ እንዴ?

ከሁሉም የማደንቃቸው መካከለኛ ኃያላን የሚባሉትን ነው። ለመደባደብ ያንሳሉ፣ ዝም ለማለት ይበዛሉ። ካናዳን የመሰለ ጨዋ የት ይገኛል! የአሜሪካን የኩባ ማዕቀብ የካናዳ ድርጅት እንዳይታዘዝ የሚከለክል ሕግ አላት። የአውሮፓ ኅብረትም በ1996 የራሱን አውጥቷል። ደስ የሚል ሕግ ነው፤ በፍሬም አድርጎ ሳሎን መስቀል ነው። ባንኮቹ ግን ሌላ ነገር ያስታውሳሉ። የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ በ2014 ከሱዳን፣ ከኢራንና ከኩባ ጋር በተያያዘ ለአሜሪካ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ከዚያ ወዲህ "ኩባ" የሚል ቃል ያለበት ማዘዣ ሲመጣ መስኮቱ ጋ ያለው ምን እንደሚል እኛ የባንክ ደንበኞች እናውቀዋለን። "ሲስተም የለም።"

ብራዚል ደግሞ አበድራ ኩባ ውስጥ ማሪኤል ላይ የሚያምር ወደብ አሠርታለች። በ2014 ተመረቀ። ነገር ግን ኩባ ደርሶ የመጣ መርከብ ለ180 ቀን አሜሪካ ወደብ ጭነት አያራግፍም፣ አይጭንም የሚል የአሜሪካ ሕግ አለ። ስለዚህ ወደቡ በጣም ጸጥ ያለ ነው። ለፎቶ ይመቻል።

የኩባ መንግሥትም ጻድቅ ነው አላልኩም። ማመንጫዎቹ እያረጁ እሱ ሐቫና ላይ ባለ 42 ፎቅ ሆቴል አቁሟል። ሆቴሉን የሚያስተዳድረው የስፔን ኩባንያ ነው። ስፔንም ቁልፍ ትጫናለች።

ወግ ያፈረሰች አንዲት ሜክሲኮ ነበረች። ከንፈሯን መጥጣ እንደ ሰው አትሄድም? ነዳጅ በመርከብ ጭና ላከች! ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ተቀምጦ አንዷ ጎረቤት ድስት ተሸክማ ስትገባ ታያላችሁ አይደል፣ ስንቱን ታሳፍራለች።

ስለዚህ ክቡራን መካከለኛ ኃያላን፣ አደራ፣ እንደ እሷ እንዳትሆኑ። አሜሪካ ውስጥ ጉዳይ የሌላትን አንዲት ትንሽ ባንክ ለይታችሁ የመድኃኒትና የምግብ ክፍያ በእሷ በኩል እንዳታሳልፉ። ለማመንጫው መለዋወጫ እንዳትልኩ። ጭነቱን ለሚያደርሱት መርከቦች መንግሥታችሁ መድን እንዳይገባላቸው። የዱቄት ወተትማ ጭራሽ! በ2024 ኩባ ለሕፃናቷ ወተት አጥሯት የዓለም ምግብ ፕሮግራምን ጠይቃለች፤ ዕርዳታ ከተለመደ ነገ መብራትም ትጠይቃለች።

እኛስ? እኛማ የቆየ ዝምድና አለን። ኦጋዴን ላይ የሞቱ ኩባውያን ትግላችን ሐውልት ሥር ፎቷቸው አለ። የወታደሮቻችንን ልጆች በሺዎች ወስደው የወጣቶች ደሴት በምትባል የኩባ ደሴት ላይ አስተምረዋል፣ አብልተዋል። ታክሲ ውስጥ ሆነን በሐውልቱ ስናልፍ ቀና ብለን እናያለን። ትራፊኩ ከያዘን ነው ታዲያ።

በ2025 ግን ሙያው ላይ ጉድ ወረደ። ድጋፉ 165 ብቻ ሆነ። ሰባት ተቃወሙ፣ 12 ደግሞ ከንፈራቸው ደርቆ ነው መሰለኝ ድምፅ ተዓቅቦ አደረጉ። ድምፁ የተሰጠ ዕለት ሜሊሳ የሚሏት አውሎ ነፋስ ምሥራቅ ኩባን እየገለባበጠች ነበር።

እዚያው የወጣቶች ደሴት ላይ ያደጉ አንድ ጋሼ እናውቃለን። ዛሬም ሲናደዱ በስፓኒሽ ነው የሚሳደቡት። በማግስቱ ምሥራቅ ኩባ ሳንቲያጎ ከተማ ያሉ የድሮ የክፍል ጓደኛቸው ጋ ደወሉ። "165 አገር ከጎናችሁ ነው" ሊሏቸው። ሞከሩ፣ ሞከሩ። ስልኩ ቻርጅ የለውም።