ይድረስ ለክቡር ኮስት ሼሪንግ፣ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ ዕዳ፣ ካሉበት

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ሐሳብ በቀር ደህና ነኝ፤ ክብሩ ይስፋ ለመድኃኔ ዓለም። ጤናዎን የጠየቅሁት እንኳ ለደብዳቤው ወግ ያህል ነው። ሰባት ዓመት ሕክምና ስማር እንደ እርስዎ ጉንፋን የማይዘው፣ ወባ የማይደፍረው ፍጡር አላየሁም።

አንቱ የምልዎ ዕድሜዎን አክብሬ አይደለም። ደንብዎ መጀመሪያ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ያኔ ጥጃ እጠብቅ ነበር። በወጉ ቢሆን ስገባ ብድግ ማለት ያለብዎ እርስዎ ነበሩ። ግን አበዳሪውን አንተ የሚል ጎጃሜ የት አለ?

እስቲ በሞቴ፣ ያንን የውል ወረቀት አብረን እናንብበው። በየዓመቱ ምዝገባ ላይ ተሰልፈን ስንፈርመው አንድም ቀን አላነበብነውም። ከትምህርቱ ወጪ በእኔ ላይ የተጻፈው 15 በመቶ ነው፤ የቀረውን መንግሥት ችሎታል፤ እግዜር ይስጠው። የምግቡና የመኝታው ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። እንግዲህ አናቶሚውን በቅናሽ፣ ሽሮውን በሙሉ ዋጋ ገዝቻለሁ ማለት ነው።

ያንን ሽሮ ያውቁታል? ትሪው ላይ ሲያፈሱት እንጀራውን ጥሎ ወደ ጥግ የሚሮጠውን? አንድ የዶርም ልጅ ፊቱን እያየበት ጢሙን ሊላጭ የሞከረውን? ሰው በመንገድ «ዶክተር!» ብሎ ሲጠራኝ ቀና ብዬ እሄዳለሁ፤ ሆዴ ግን የሽሮ ባለዕዳ መሆኔን ያውቃል። አልጋውንም ካነሣን፣ እውነተኛ ወጪ መጋራት ያየሁት እዚያ ነው፤ ትኋኑን ከታችኛው አልጋ ልጅ ጋር እኩል ተጋርተነዋል። ዋርድ ቆሜ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ከመኝታው ሒሳብ ይቀነሱልኝ ብል ደግሞ ሰሚ አላገኘሁም።

አያቴ ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ለምድ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ነው የተማሩት። ውሻ ነክሷቸዋል፤ ጠባሳው ዛሬም ባታቸው ላይ አለ። ዕዳ ግን የለባቸውም። የእርስዎን ነገር ሳስረዳቸው «ቁራሹን የሰጠችህ ሴትዮ መልስ አለችህ?» ብለው አፋቸውን ያዙ። ትንሽ ቆይተው ስምዎን ደጋግመው አስጠሩኝና ፈቱት፤ መጋራት ሰሙ ነው አሉ፣ ወርቁ መግራት ነው። እንደ ወይፈን።

ከእርስዎ መገላገያ ዘዴ የማያውቅ ሰው የለም። የአክስቴ ልጅ ፋግታ ለኮማ ነው የሚኖረው። ከአሥረኛ ክፍል አቁሞ ዲከረንስ የሚሉትን የከሰል ዛፍ ተከለ። ዛፉ በአምስት ዓመቱ ለከሰል ደረሰ፤ እኔ በአምስተኛ ዓመቴ ጥያቄ እንዳይመጣብኝ ከሲኒየሮች ጀርባ እየተደበቅሁ ነበር። አሁን ሁለተኛውን ዙር ቆርጦ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ለፋሲካ በግ የላከልኝ እሱ ነው። «ዶክተር፣ ካስቸገረህ መሬቱን ልስጥህና በእኩል ትከል» አለኝ። ከልቡ ነው። መቀለዱ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ሄደህ ሥራ የሚሉኝም አሉ፤ ጓደኞቼ ሄደዋል። ለመሄድ ግን ኦርጅናል ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ለኦርጅናሉ የእርስዎ ክሊራንስ፣ ዕዳ የለበትም የሚለው ወረቀት፤ ለክሊራንሱ ብር፤ ለብሩ ሐርጌሳ። ባሕር ዳር የግል ክሊኒክ ፓርት ታይም ሥራ ላለኝ መንገዱ የተከፈተ ቀን መልስ እሰጠዋለሁ። እናቴ ደግሞ ሀብታም አግባ ትላለች። የሀብታም ልጅ አስቀድማ ስለ ደሞዝ እንደምትጠይቅ የነገራት የለም።

አሜሪካ ያለው ዘመድዎ ከእርስዎ ይብሳል አሉ። እዚያ ተበድሮ የተማረ ሐኪም ሲመረቅ 200 ሺህ ዶላር ገደማ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ስሰማ እርስዎን አመሰገንኩ፤ እውነቴን ነው፣ ለአንድ ሌሊት ያህል። ነገር ግን ያ ጉድ እንኳ ይሉኝታ አለው። በፈረንጆቹ 2007 በወጣ ሕግ፣ የፌዴራል ብድር ያለበት ሐኪም ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ሆስፒታል እየሠራ 120 ወርሃዊ ክፍያ ከከፈለ የቀረው ይሰረዝለታል። እኔም እኮ የመንግሥት ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ መብራት ሲጠፋ በሞባይል ባትሪ ቁስል እየሰፋሁ። ለዘመድዎ ሲደውሉ ይህችን ያንሱልኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ዱቲ ላይ ሆኜ ነው። ሌሊት አንዲት እናት በሰላም ተገላገለች። ጠዋት አማቷ ዘንቢል አንጠልጥለው መጡ፤ ጭዱን ገለጥ ሲያደርጉት አሥር የአበሻ እንቁላል። «ዶክተሬ፣ እንዲህ ከስተህ ማንን ልታድን ነው? ብላ» አሉኝና እምቢታዬን ሳይሰሙ ሄዱ።

ደንብዎ ከገቢዬ ከ10 በመቶ ያላነሰ ይላል አይደል? አንዱ የእርስዎ ነው። ከዱቲ ክፍሉ መስኮት ላይ፣ ከጓንቱ ካርቶን አጠገብ አስቀምጬልዎታለሁ። ጥሬ ይሁን የተቀቀለ ደንቡ ላይ ስላላገኘሁ እንዳለ ተውኩት።

ባለዕዳዎ፣ ከጎጃም