በቀለም የተሸፈነ እርጥበት

ቤቱን ስንገዛ ቤዝመንቱን ያየነው በደረቅ ወር ነበር። ግድግዳው ነጭ በነጭ፣ የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀውም። "አዲስ ተቀብቷል" ብለን ደስ አለን! አሁን ሳስበው ያናድደኛል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቀለሙ ተላጠ፣ ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ብቅ አለ፣ በካርቶን ያስቀመጥነው ልብስ ሁሉ ሻገተ። ያ ነጭ ነገር ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ ትቶት የሚሄደው ጨው ነው። ታዲያ ይሄ የዛሬ ችግር ነው? ሻጩን ጠይቀነው ነበር እኮ። "ውሃ ገብቶ አያውቅም" አለን፣ ዓይናችንን እያየ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ መነሻው ነው። አሸንዳው ውሃውን የሚያፈሰው መሠረቱ ሥር ነው፣ የግቢው መሬትም ወደ ቤቱ ያዘነብላል። ይህን ማስተካከል ሲቻል ከውስጥ ቀለም መለቅለቅ ምን የሚሉት ነው? ከውጭ የሚገፋ ውሃን ቀለም አያቆመውም።

እባካችሁ፣ ቤት የምትገዙ ሰዎች፣ ዝናብ ባደረ ማግስት ሄዳችሁ እዩ። አሽትቱ። ግድግዳ የተጠጋውን ዕቃና ምንጣፉን አስነሱ፣ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም አስነሱ።