እርማት፦ መልቲፊዩል ሞተር ያገኘውን ሁሉ አይጠጣም

አንድ ወንድማችን ስለ አሮጌው የአሜሪካ ጦር መኪና፣ ኤም 35 ኤ 2፣ ሲጽፍ «ሞተሩ መልቲፊዩል (በተለያየ ነዳጅ የሚሠራ) ነው፤ ቤንዚንም ሙላው የተቃጠለ ዘይትም፣ ግድ የለውም» ብሏል። ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ግን የነዳጅ ፖምፓ ያስበላል።

ኤልዲቲ 465 የሚባለው ይህ ሞተር 6 ሲሊንደርና ወደ 7.8 ሊትር የሚጠጋ ነው። ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በ22 ለ 1 ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ፖምፓው ላይ ደግሞ የነዳጁን ቅጥነት እያየ መጠኑን የሚያስተካክል ዕቃ አለ። ብልህ ነገር ነው፤ ግን ማፍሰስ ስለሚወድ ብዙ ባለቤቶች ዘግተውታል። ያንተስ እየሠራ ነው?

ችግሩ ነዳጁ መቃጠሉ ላይ አይደለም። የፖምፓው ውስጥ ብረት እንዳይፋጭ እንደ ቅባት የሚያገለግለው ራሱ ነዳጁ ነው። ቤንዚን ደረቅ ነው፣ ቅባት አይሆንም። ስለዚህ የጭንቅ ጊዜ ነዳጅ ነው እንጂ የዘወትር አይደለም።

የተቃጠለ ዘይትማ ሌላ ጣጣ ነው። እኔ አንዴ ከሞተር የወጣ ዘይት በመስታወት ማሰሮ አሳድሬ ነበር። ጠዋት ላይ ከታች ጥቁር አተላ፣ ከአተላው ሥር የውሃ ጠብታዎች። ማግኔት ስሰድበት ጫፉ ላይ ፀጉር የመሰለ የብረት ብናኝ ይዞ ወጣ። ይህን በጨርቅ አጥልሎ ናፍጣ ላይ የሚደባልቅ ሰው አለ! ፊልትሮው ቶሎ ቢደፈን ዕድለኛ ነው፤ ያለፈው ብናኝ ፖምፓውን ይፍቀዋል።

ደግሞ የጦር መኪና ሁሉ መልቲፊዩል አይደለም። ሌላው የአሜሪካ ጦር መኪና፣ ኤም 939፣ የከሚንስ ሞተር ነው ያለው፤ የሚፈልገውም ናፍጣ ነው።